ሁለተኛው ባቡር

የእኔ ዕድሜ የአዲስ አበባ ሰው ባቡር ሁለት ጊዜ ደርሶታል። የመጀመሪያውን አልጠበቅነውም፤ ዐይናችንን ስንገልጥ ለገሃር ቆሞ አገኘነው። ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲሳቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡትም ሆነ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ የገባው በአያቶቻችን ዘመን ነው። እኛ የደረስንበት የሚያመጣውን ብርቱካን ለመብላት፣ ከድሬዳዋ የመጣ ሸሚዝ ለመልበስና ዘመድ ለመሸኘት ብቻ ነበር። ከዚያ እያየነው አረጀ። መለዋወጫው ጠፋ፣ ፉርጎው ዛገ፣ ጉዞው እየሳሳ ሄደ፣ በ2000 ዓ.ም ግድም ከአዲስ አበባ የሚነሣ ባቡር አልነበረም። ለቅሶ የተቀመጠለት ሰው አላየሁም። ሰው ገና ሥራ ላይ እያለ ስንት ነገር ሲጠፋ ዝም ይላል፤ ሌላ ይመጣል ብሎ ያስባል።

ደግሞም መጣ። ሁለተኛው ባቡር፣ የከተማው ቀላል ባቡር፣ በ2008 ዓ.ም ሲመጣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር። ደጃፌ ድረስ መጣ ብል ማጋነን አይደለም። ቁጭቴ ስለዚህኛው ነው።

ሲኤምሲ የሚባለው ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ቤቶቹን ከሠራው የጣልያን ተቋራጭ ነው። በዚያን ጊዜ የከተማው ዳር ነበር፤ ከመገናኛ ወዲህ ጅብ ይጮኻል የሚባልበት። ቆይቶ ሪል እስቴቱ፣ ኮንዶሚኒየሙ፣ የውጭ ዶላር የሠራው ቪላ ተደራርቦ መጣና አሁን መኪና ማቆሚያ የጠፋበት ሰፈር ሆኗል። ነገር ግን ከውጭ ሲያዩት የሀብታም የሚመስለው ሰፈር ውስጥ ብዙ ጡረተኛ አለ። በደርግ ጊዜ ቤት የደረሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ልጆቹ አሜሪካ ያሉ፣ ግቢው ሰፊ፣ ኪሱ ጠባብ፣ መኪናውን የሸጠ ወይም ዐይኑ ስለደከመ መንዳት የተወ። ቤቱ ቢሸጥ ሚሊዮን ያወጣል፤ ባለቤቱ ግን ለኮንትራት ታክሲ የሚከፍለውን ሁለቴ ያስባል።

በዚህ ዕድሜ የሚያንገበግበው ትልቁ ነገር አይደለም። ትልቁን ሰው ይቀበለዋል፤ ሞትም ቢሆን የታወቀ ነው። የሚያስመርረው ትንንሹ ነው፦ የመድኃኒቱ ብልቃጥ አልከፈት ማለቱ፣ ባንክ ቤት «ፊርማዎ አልተመሳሰለም» መባሉ፣ ስልክ ላይ የሚላከው የሚስጥር ቁጥር መነጽር ተፈልጎ እስኪነበብ ጊዜው ማለፉ፣ ሊፍት ያለው ሕንፃ ሄደው መብራት ጠፋ ተብሎ አራት ፎቅ በእግር መውጣቱ። ከሁሉም ከሁሉም ግን መንገዱ። ሽማግሌ ሰው ጉዳዩ ያለው ከቤቱ ርቆ ነው። የግፊት ክትትሉ፣ የስኳር ምርመራው፣ የጡረታ ጉዳዩ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮው፣ የጓደኛው ለቅሶ፣ ሁሉም መሀል ከተማ ነው።

ከሲኤምሲ መሀል ከተማ ለመድረስ መጀመሪያ መገናኛ መውረድ አለ። የታክሲው ረዳት «መገናኛ! የቀረ አንድ ሰው!» ይላል፤ የቀረው ሦስት ሰው ነው። «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ይላል። ፋዘር ቀድሞውንም ጥግ ላይ ተጣብቋል። ሚኒባሱ የተሠራው ጉልበቱ ለሚታጠፍ ሰው ነው፤ የእኔ ግራ ጉልበት ሙሉ ለሙሉ አይታጠፍምና ወይ ጋቢና ማግኘት አለብኝ፣ ወይ መተላለፊያው ላይ እግሬን ዘርግቼ የሚወጣውን የሚወርደውን ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ። መገናኛ ላይ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። በክረምት ያ ሰልፍ ጃንጥላ ከጃንጥላ እየተጋጨ ውኃው የሚንጠባጠበው ኋላ ያለው ሰው አንገት ላይ ነው። በረዳቱ አልፈርድበትም፤ ኑሮው በምልልስ ቁጥር ነው፣ እኔ በዝግታ ስወጣ የማጠፋበት ግማሽ ደቂቃ የእሱ እንጀራ ነው። ብቻ እኔም እሱም እንዲህ እንድንሆን የማያስገድደን ነገር በመካከላችን፣ በመንገዱ እምብርት ላይ፣ ተዘርግቶ ነበር።

የባቡሩ ሥራ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም ነው። ሠሪው የቻይናው የምድር ባቡር ተቋራጭ፣ ገንዘቡ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ከዚያም ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተበደርነው። ሦስት ዓመት ከምናምን አቧራ በላን። መንገዱ ተቆፈረ፣ መሻገሪያው ጠፋ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ሳል ያዘው፤ ከሱቅ ዳቦ ለማምጣት ቦይ ተሻግረን ነው የምንሄድ የነበረው። አንድ ጎረቤቴ፣ የድሮ የመንገድ ሥራ ሰው፣ በየቀኑ ጠዋት ከዘራውን ይዞ ቁፋሮው ዳር እየቆመ ቻይናዎቹን ይቆጣጠር ነበር፤ ማንም አልቀጠረውም። ማታ ማታ ሪፖርት ያደርግልናል። «ሐዲዱ ሰፊ ነው፤ እንደ ድሮው የአንድ ሜትር አይደለም» ይላል። ልክ ነበር። የድሮው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ የአሁኑ 1,435 ሚሊ ሜትር።

መስከረም 2008 ዓ.ም የሰሜን ደቡቡ መስመር ሥራ ጀመረ። በጥቅምት ማብቂያ ላይ ደግሞ የእኛው፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ምሥራቅ ምዕራብ፣ 17 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ 22 ጣቢያ ያለው። ሁለቱ መስመሮች መሀል ከተማ ላይ አምስት ጣቢያ ይጋራሉ፤ ጠቅላላው 39 ጣቢያ ነው። 41 ባቡር መጣ። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባቡሩ ላይ የወጣው ሁሉ የሄደው ጉዳይ ኖሮት አልነበረም። እኔ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሲኤምሲ ጣቢያ ላይ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ቆመዋል። ባቡሩ መጥቶ በሩ ተከፈተ። እሳቸው ልማድ ሆኖባቸው ቀኝ እግራቸውን ከፍ አድርገው አነሡ፤ ታክሲ ላይ እንደሚወጣ ሰው እጃቸውም የሚይዘውን ፈለገ። ደረጃ የለም። የባቡሩ ወለል ከጣቢያው ወለል ጋር እኩል ነው። እግራቸው አየር ላይ ቀረና አወረዱት፣ ከዚያ እንደ ሳሎን ገቡ። «ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። ባቡሩ አብዛኛው ወለሉ ዝቅ ያለ ተብሎ የተሠራ መሆኑን፣ ያ ዐይነት አሠራር ሌላው ዓለም ላይ በስንት የአካል ጉዳተኛና የአረጋዊ ክርክር የመጣ መሆኑን ያኔ የነገረን የለም። ጉልበታችን ግን ገብቶታል። አንድ ወጣት ተነሥቶ አስቀመጣቸው። እሳቸውም እስከ ስታዲየም ድረስ ከመስኮቱ ዐይናቸውን አላነሡም።

ጤናን በተመለከተ የሚነገረን ሁሉ ከአቅማችን በላይ ነው። «ስፖርት ይሥሩ» ይላል ሐኪሙ። የት? ጂም ውስጥ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ብረት ላነሣ ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለእኔ ዕድሜ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። አስሉት። ቤቱ ከጣቢያው የሩብ ሰዓት መንገድ የሆነ ሰው፣ በሳምንት አምስት ቀን ባቡር ይዞ ቢወጣና ቢመለስ፣ 150 ደቂቃው ሞላ። ማንም ስፖርት ሥራ ሳይለው። ታክሲ ከደጅ አንሥቶ ደጅ ሲጥል የሚቀማን ይሄንን ነው። የባቡሩ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ በሰፈራችን መንገድ ጠዋት ጠዋት ከዘራና ኮፍያ ይበዛ ነበር። የልብ ሐኪም ያዘዘው አልነበረም፤ ለቅሶ የሚሄድ፣ ቡና ሊጠጣ ለገሃር የሚወርድ፣ ዝም ብሎ የሚሳፈር ነው።

መስመሩን ደግሞ እዩት። የሽማግሌ መንገድ ብሎ የነደፈው ሰው የለም፤ ሳያስቡት ግን እንደዚያ ወጣላቸው። ከአያት ትነሣለህ፤ መሪ፣ ሲኤምሲ፣ ቅዱስ ሚካኤል፣ ሲቪል ሰርቪስ። ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት፣ የእኛ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ለሥልጠና የተላከበት። ጉርድ ሾላ፣ መገናኛ፣ ለም ሆቴል፣ ሃያ ሁለት፣ ኡራኤል፣ ባምቢስ። እስጢፋኖስ ብትወርድ ፍልውሃ በእግር ይደረሳል፤ ጉልበት ላለው አይደለም፣ ጉልበት ለሚያመው እንጂ። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ይህችን ከተማ ያስቆረቆሩት በዚያው ፍል ውኃ ምክንያት አይደል? ዘውዲቱ ሆስፒታልም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ተግባረ ዕድ ብትወርድ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ልደታ ፍርድ ቤቱ፣ መጨረሻው ጦር ኃይሎች ደግሞ የራሱ ሆስፒታል አለው። ቤተ ክርስቲያን፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ፍልውሃ፤ በአንድ ሐዲድ ላይ። የእኔ ዕድሜ ሰው ሌላ ምን ጉዳይ አለው?

ያንን ነው ያባከንነው።

እንዴት እንደባከነ ለመናገር መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ባቡር ጎማው ብረት ቢሆንም ያልቃል፤ ፍሬኑ፣ ባትሪው፣ የበሩ ሞተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሁሉ ያልቃል። እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ከቻይና፣ የሚገዙትም በውጭ ምንዛሪ ነው። አገሩ ምንዛሪ ያጣው ደግሞ ልክ ባቡሩ መለዋወጫ መፈለግ በጀመረበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የባቡሮቹ መምጫ ጊዜ ተራራቀ። ከዚያ አንዱ የቆመ ባቡር ለሌላው መለዋወጫ ሆነ። ከ41ዱ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ከሥራ የወጣበት ጊዜ መጣ፤ ይህ በአገልግሎቱ በራሱ ኃላፊዎች አንደበት በዜና የተነገረ ነው። ሲጀመር ሥራውን ያስኬዱት የነበሩት ቻይናዎች ለእኛ ልጆች አስረክበው ሄደዋል። ልጆቹ ባቡሩን መንዳትም መጠገንም ተምረዋል፤ የማይሠሩት የሌላቸውን ዕቃ ነው።

ሌላው ደግሞ የትኬቱ ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ለእኔው ብጤ ጡረተኞች ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። 6 ብር ከአያት ጦር ኃይሎች! እንደዚያ ሲባል እኛ አጨበጨብን። መንግሥትም ደስ አለው። የኤሌክትሪኩ፣ የጥገናው፣ የብድሩ ወጪ ከየት እንደሚመጣ ግን በዚያ ጭብጨባ መሀል የጠየቀ አልነበረም። ርካሽ ትኬት ራሱ ጥፋት አይደለም፤ በብዙ አገር የከተማ ባቡር በትኬቱ ብቻ አይኖርም። ሌሎቹ ግን ቀሪውን ከየት እንደሚሸፍኑት ቀድመው ይጽፉታል፦ ከግብር፣ ከጣቢያው ዙሪያ ካለው የመሬት ዋጋ፣ ከማስታወቂያ። እኛ ጋ በባቡሩ ምክንያት የመሬቱ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ከሲኤምሲ እስከ አያት በሐዲዱ ግራና ቀኝ የተሠራውን ሕንፃ ቁጠሩ። ከዚያ ትርፍ አንዲቷ ሳንቲም ወደ ባቡሩ ጎማ የምትሄድበት መንገድ ሳይበጅ ቀረ። ባቡሩ ሰፈሩን አበለጸገው፤ ሰፈሩ ባቡሩን አላበላውም።

ባቡሩ ጥቂት ሲሆን ሰዉ ይጨናነቃል። ሰው ሲጨናነቅ መጀመሪያ የሚቀረው ሽማግሌ ነው። ይህን ማንም በቁጥር አልመዘገበልንም፣ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወጣት ባቡሩ ቢሞላም ትከሻውን ሰጥቶ ይገባል። የሰባ ዓመት ሰው ያንን ግፊያ አንድ ቀን ያያል፣ ሁለት ቀን ያያል፣ ሦስተኛው ቀን ኪሱ ውስጥ የነበረው የለም፤ ከዚያ ይቀራል። ሲቀር ደግሞ አያማርርም። «ተውኩት» ይላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ባቡሩ ጢም ብሎ ይሄዳል፤ ማን እንደሌለበት አይታይም።

መሀል ከተማ ያሉት ጣቢያዎች ደግሞ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ስለሚሄድ ከፍ ያሉ ናቸው። ደረጃ መውጣት ግድ ነው። አሳንሰር ቢቆም ወይም ቢዘጋ ወለሉ ዝቅ ያለ ባቡር ምን ያደርጋል? መሳፈሪያው እስኪደርሱ ነው ጉልበቱ የሚያልቀው። ወዲህ ወደ እኛ ደግሞ ሐዲዱ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። አጥር አለ። መሻገሪያው ያለው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ከዚህ ማዶ ያለ መድኃኒት ቤት በዐይን ይታያል፤ ለመድረስ ግን ዞሮ መምጣት አለ። ልጆቹ የአጥሩን ብረት አጉብጠው ቀዳዳ አበጅተዋል፤ ጎንበስ ብለው በዚያ ይሾልካሉ። ጎንበስ ማለት ለሚችል። ባቡሩ በደንብ ሲሠራ ያንን አጥር ታገሥነው፤ ለሚሰጠን ነገር የምንከፍለው ዋጋ ነበር። አሁን ከሚያመጣልን ይልቅ የሚከለክለን እየበዛ መጣ።

የሌላ አገር ሽማግሌ በባቡሩ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እዩ። ሴኦል ውስጥ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1974 ነው። እኛ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን ልናወርድ የሳምንታት ዕድሜ ሲቀረን ማለት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ደቡብ ኮሪያ ዕድሜው 65 የሞላ ሰው ሁሉ በዚያ ባቡር በነፃ እንዲሄድ ወሰነች። ዛሬ የሴኦል ሽማግሌዎች ጠዋት ተነሥተው በነፃ ባቡር ኦንያንግ ወደሚባለው ፍል ውኃ ይወርዳሉ፣ ታጥበው፣ ምሳ በልተው ይመለሳሉ። ወጪው ከብዶናል፣ ዕድሜው ከፍ ይበል የሚል ክርክር አለባቸው፤ የሚከራከሩት ግን ባቡር ኖሯቸው ነው። ሌላው የሚወዱት መንገድ ቹንቾን የሚሄደው ነው። ቹንቾን ምን አለ? ሐይቅ አለ፣ የዶሮ ጥብስ አለ፣ የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያም አለ።

ይሄን ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። በ1943 ዓ.ም ከዚህ ከተማ ተነሥተው በለገሃር ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የእኛ አባቶች ናቸው። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተዋግተውላታል። ያኔ የእኛ ባቡር ይሄድ ነበር፤ ሴኦል ፍርስራሽ ነበረች። አሁን የኮሪያ አዛውንት በነፃ ባቡር ሄዶ ለአባቶቻችን መታሰቢያ አበባ ማስቀመጥ ይችላል። ከዚያ ዘመቻ የተመለሰ፣ በሕይወት ያለ አንድ ዘጠና ዓመት ያለፈው የቃኘው ሰው ሲኤምሲ ቢኖር ግን ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ለመድረስ ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፤ ሐዲዱ ከደጁ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ተዘርግቶ ሳለ።

አንዳንድ ወዳጆቼ አጋነንክ ይሉኛል። መንገዱ አምሯል፣ በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛውን መንገድ አስፍቶታል፣ የከተማው አውቶቡስ በዝቷል፣ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ደጅ ድረስ ይመጣል። እውነት ነው፤ የእግረኛው መንገድ ስፋት ለከዘራ ተመችቶታል፣ ማታ ማታ መብራቱም ደስ ይላል፤ ይህን የሠራውን እጁን ይባርከው። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ግን የጡረተኛ መጓጓዣ አይደለም። ለቀጠሮ አንድ ጊዜ መሀል ከተማ ደርሶ መልስ የሚከፈለው ለአንዳንዱ ጡረተኛ የወር አበሉን ቁራጭ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዉ ምን ያደርጋል? ቀጠሮውን ያራዝማል። «ደህና ነኝ፣ በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ» ይላል። ግፊት ደግሞ ድምፅ የለውም። መድኃኒቱ አልቆበት ሳይሞላ የቆየ ሰው ምንም ሳያመው አንድ ጠዋት አፉ ይጣመማል። ይህ በሰፈሬ የሆነ ነው፤ ስም አልጠራም። ሰውየውን ባቡሩ ገደለው ለማለት አይደለም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም ያ ሰው በየወሩ በ4 ብር ሄዶ መድኃኒቱን ይሞላ ነበር።

ቁጭት የሚባለው ነገር ያልነበረንን ስናጣ አይመጣም። ድሮ ከሲኤምሲ መገናኛ በኮንትራት ጂፕ እየሄድን ማንም አልተቆጨም። የሚቆጨው ተይዞ የነበረው ነው። እኛ ደግሞ ይዘነው ነበር። ባቡሩ ብልጭልጭ ሳለ ከታች ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ሳይቀር ያየን ሰዎች ነን፤ ቁፋሮው ዳር ከጎረቤቴ ከዘራ አጠገብ ቆመን። ያ ጎረቤቴ ሞቷል። ባቡሮቹ በብዛት ቆመው ሳያይ በመሞቱ አንዳንዴ እቀናበታለሁ።

ብድሩ ባቡሩ ቢሮጥም ባይሮጥም የአገር ዕዳ ነው፤ ልጆቻችን ይከፍሉታል። ሐዲዱ ግን አልተነቀለም። ምሰሶው ቆሟል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ የሚሠሩትም ባቡሮች ይመላለሳሉ፤ ምንም ቢያንሱ። ስለዚህ አለቀ አልልም። ከዜሮ የሚጀመር ሥራ ቢሆን ኖሮ በእኔ ዕድሜ ምንም አልጠይቅም ነበር፤ ሦስተኛ ባቡር የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም። የምጠይቀው ለሁለተኛው ነው።

እናንተ የከተማውን መጓጓዣ የምትመሩ፣ የምንዛሪ ድልድል ላይ የምትቀመጡ፣ ለነዳጅ ምንዛሪ እንደሚመደብለት ሁሉ ለባቡሩም መለዋወጫ ይመደብለት። ከሐዲዱ ዳር ካለው ሕንፃ የሚሰበሰበው ግብር ላይ ጥቂት ተቆርጦ ለባቡሩ ጥገና ብቻ ይቀመጥ፤ ሕንፃው ያደገው በእሱ ነው። ትኬቱም ዋጋው ይጨመር ካላችሁ ጨምሩ፣ ለሚችለው ጨምሩ፤ ዕድሜው 65 ያለፈውን ግን አትጠይቁት። የመጀመሪያውን ፉርጎ ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአካል ጉዳተኛ አድርጉት፣ በሩም ላይ የሚያስከብር ሰው አቁሙ። በከፍታ ላይ ያሉት ጣቢያዎች አሳንሰር ከሌላው ጥገና ሁሉ ይቅደም። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ያለ ምንዛሪ የሚሠራ አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ቀን ስንት ባቡር እንደሚሠራና የሚቀጥለው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ በትልቅ ፊደል ጽፋችሁ በየጣቢያው ለጥፉልን፤ ሐኪም ቤት የምንወጣበትን ሰዓት እንወቅ።